«አንሱት» ያልከው መቀርቀሪያ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይስ እንደ ዘመድ ዛሬም እየመጣ ይጠይቅሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ሥራዋስ? ልጆቹስ አደጉ? አማትህስ፣ ዓይናቸው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ተሻላቸው ወይ? እኔ ከናፍቆትህና በአንተ ላይ ከያዝኩት ንዴት በስተቀር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ በጣም ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው፤ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። የደም ግፊቴ ግን ሰሞኑን ሽቅብ ወጥቶ ነርሷን አስደንግጧት ነበር። ያወጣኸው አንተ ነህ።

ደውዬ ልጮህብህ አስቤ ነበር። ነገር ግን ዕድሜዬን በስልክ ማዞሪያ ቤት ሰው ከሰው ሳገናኝ ስለኖርኩ፣ በስልክ የተነገረ ቁጣ ዕድሜው አጭር መሆኑን አውቃለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ቁጣውም አብሮ ይዘጋል። ደብዳቤ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ስለዚህ አረፍ በልና አንብብ፤ ለባለቤትህም ጮክ ብለህ አንብብላት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

የበሉበትን ወጪት ሰባሪ እንዳልባል በቅድሚያ የማኅበሩን ደግነት ልናገር። ያ የተከራየሁት ክፍል ደረጃው አቅቶኝ፣ አከራዬም ለልጇ ፈልጋው «ልቀቂ» ስትለኝ፣ ሜዳ ላይ ሳልወድቅ የያዘኝ ይህ የአረጋውያን ማኅበር ነው። ትርፍ የማይፈልግ፣ ከደጋግ ሰዎች እየለመነ ይህን አሳንሰር ያለው ፎቅ ቤት የሠራ፣ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ክፍል የሰጠ ማኅበር ነው። ምግባችን ታች አዳራሹ ውስጥ ይቀርባል፤ ልብሳችን ታጥቦ ይመጣል፤ ሐኪም ቤት የሚያደርሰን ሚኒባስ አለ። ቤታቸውን ትተው መምጣት ለማይፈልጉ ሽማግሌዎችም እዚያው ድረስ ምሳ ያደርሱላቸዋል፤ የሚያፈስ ጣሪያቸውን ይደፍኑላቸዋል፤ የሚያወራቸው ያጡትንም ቁጭ ብለው ያጫውቷቸዋል። ይህን አልክድም፤ ሲያመሰግኗቸውም ቀድሜ አመሰግናለሁ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ቀላል ነው፤ ከደግ ሰው ጋር ስትጣላ ግን ጥፋተኛ መስለህ የምትታየው አንተው ነህ።

ክፍሌን በፎቶ ልኬልህ ነበር። አልጋዬን፣ ሁለቱን ወንበሮቼን፣ ወደ ልብስ ማስጫው የሚያየውን መስኮቴን አይተሃል። ፎቶው ላይ የሌለው በሩ ነው። የበሩ መቀርቀሪያ የተሠራው ከታች ግርጌው ላይ ነበር፤ አናጢው ለድንክ የሠራው ነው የሚመስለው። ስዘጋም ስከፍትም ማጎንበስ ስላለብኝ፣ ስንደዋወል «ይቺ መቀርቀሪያ ወገቤን ቆረጠችው» እያልኩ አማርሬልህ ነበር። ያቺን ምሬቴን ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ባማርርም እወዳት ነበር። መጀመሪያ ከእናታችንና ከአንተ ጋር በአንድ ክፍል፣ ቀጥሎ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በአንድ ክፍል፣ ከዚያ ደግሞ አከራይዋ እንዳሻት በምትገባበት ክፍል ነው የኖርኩት። ከውስጥ የሚዘጋ የራሴ በር ያገኘሁት ገና ፀጉሬ ሙሉ በሙሉ ከነጣ በኋላ ነው። ከምሳ በኋላ ቀርቅሬ፣ ጥርሴን አውልቄ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጬ፣ ጫማዬን ወርውሬ ከራዲዮኑ ጋር እዘፍናለሁ። ድምፄን ታውቀዋለህ፤ የበሩ መዘጋት ለጎረቤትም ይበጅ ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል የምትኖረው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ሁላችንም «ቲቸር» እንላታለን። አንድ ቀን ጠዋት ክፍሏ በውሃ ተወልውሎ ሳይደርቅ ትረግጥና ተንሸራታ ትወድቃለች። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። እሷ ከውስጥ ትጣራለች፣ ሰዎች ከውጭ ይጮሃሉ፣ በሩ ግን አልሰበር አለ። በመጨረሻ በብረት ፈልቅቀው ሲያወጧት የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። ታክማ ተመለሰች፤ አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትሄደው። እኔም አለቀስኩ፤ አስደንጋጭ ነገር መሆኑን አልክድም።

ማኅበሩ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንድ ጠዋት አንድ ሠራተኛ መፍቻውን ይዞ መጣና የሁላችንንም መቀርቀሪያ ከየበራችን ፈትቶ፣ ባልዲ ውስጥ ሰብስቦ ሄደ። አንድም ሰው አልጠየቀንም። ምን እያደረገ እንደሆነ ብጠይቀው «ለደህንነታችሁ ነው እማማ» ብሎኝ ቀጣዩን በር ያዘ። ማን ይንገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል፤ የወደቀችው ቲቸር ራሷ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ጉዱን ሰምታ፣ የጣላት እርጥብ ወለል፣ የታሰረው መቀርቀሪያ መሆኑ ገርሟት በሳቅ ልትሞት ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ወለሉን እንደሆነ እስከዚያ ጊዜ ድረስ እንደ ጥንቱ አርሰው ጥለውት ነበር የሚሄዱት።

ከዚያ ወዲህ በሬ በር መሆኑ ቀረ። ነርሷ ግፊት ልትለካ ዘው፣ ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን አስቀድማ ዘው፣ የታጠበ ልብስ የሚያመጣው ዘው። ማንም በክፋት አያደርገውም። ፈገግ ብለው ነው የሚገቡት፤ ፈገግታቸው ነው ይበልጥ ቆሽቴን የሚያሳርረው። እናታችንን አስታውሳት እስቲ። ቤታችን አንድ ክፍል፣ በራችን ቆርቆሮ ነበር። ቢሆንም ደጅ የቆመ ሰው «ቤቶች!» ሳይል አይገባም፤ እሷም «ደጆች!» ሳትል አትከፍትም። ዕቃ ልንዋስ ጎረቤት ስትልከን እንኳ «ቤቶች ብላችሁ ጠብቁ፣ ዘው ብሎ የሚገባ ዶሮ ነው» ትለን አልነበር? እኔም በሥራዬ በሰው ወሬ መሃል ስገባ «ይቅርታ፣ መስመሩን ላቋርጥ ነው» ሳልል ገብቼ አላውቅም። ለማላየው ሰው ያደረግሁትን ክብር፣ ሰው ዓይኔን እያየ ሲነፍገኝ አንጀቴ አረረ።

የማኅበሩ አስተዳዳሪ ወጣት ሴት ናት። «ሽውታ» ብለን ነው የምንጠራት፤ ኮሪደሩን ስታልፍ መጋረጃው ሁሉ ይወዛወዛል። አንድ ቀን ማኅበሩን የሚረዱ እንግዶች መጥተው ስታስጎበኛቸው የእኔን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። እኔ ፀጉሬን ታጥቤ በውስጥ ቀሚሴ ቆሜያለሁ። ጥርሴ ብርጭቆ ውስጥ፣ ፎጣዬ አልጋው ላይ። ኮትና ከረባት ያደረጉ ሰዎች ከነጫማቸው ቆመው ያዩኛል። አንዲቱ እንግዳ ደንግጣ እንደመዞር ብላ «ውይ፣ ክፍሉ እንዴት ንጹህ ነው!» አለች። እኔ መልስ እንዳልሰጥ ጥርሴ ሩቅ ነው። ፎጣውን ይዤ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ወንድሜ፣ አባታችን ሲሞት እንኳን እንደዚያ ባዶ የሆንኩ አይመስለኝም። «ቤት የእግዜር ነው» ይባላል፤ ግን የሚለው ባለቤቱ ነው እንጂ እንግዳው አይደለም!

ጥርሴን ተክዬ፣ ልብሴን ለብሼ ቢሮዋ ወረድኩ። እኔ የሚጎበኝ ዕቃ መሆን አለመሆኔን ጠየቅኋት። ይቅርታ ብላ እጄን ያዘችኝና መቀርቀሪያው እንዳይመለስ የሆነበትን ምክንያት ስታስረዳኝ፣ እንዲህ ብላ ጨረሰች፦ «ደግሞ እማማ፣ ለቤተሰብ ሳንነግር አላደረግነውም። ለወንድምዎ ደውለን ነበር። እሳቸውማ ‹ስንት ጊዜ አማርራለች፣ ዛሬውኑ አንሱት› ነው ያሉን።»

ሌላ ሰው ቢሆን እሺ፤ አንተ? ትምህርት ቤት ስትገባ ደብተርህን የለበጥኩልህ፣ ስትታመም አቅፌህ የተቀመጥኩ እኔ፣ በሬን አንተ ታስነቅለው? እዚያ ባሕር ማዶ ሆነህ እዚህ ያለ በሬን? ክፍሌ ገባሁና አንዱን ወንበር ከበሩ እጀታ ሥር ሸጎጥኩት። ነርሷ ስትመጣ በሩ አልከፈት ሲላት ጩኸቷን አቀለጠችው፤ እኔም ከፍቼ «ደህና ነኝ፣ እየኖርኩ ነው» አልኳት። ሽውታ ይህን ስትሰማ መጣችና፣ ወንበር መደገፌን ካልተውኩ ወደ ታችኛው የጋራ ክፍል፣ ከነርሷ ጠረጴዛ አጠገብ አልጋ ደርድረው ሕመምተኞችን ወደሚያስተኙበት፣ ልታወርደኝ እንደምትገደድ በለሆሳስ ነገረችኝ። እዚያ መስኮት የለ፣ ራዲዮ የለ፣ በር የለ። እዚያ የወረደ ሰው ሲመለስ አላየሁም። ሻንጣዬን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ አልጋዬ ላይ አስቀመጥኩት። የምሄድበት ግን አልነበረኝም፤ እሱንም እሷም እኔም እናውቃለን።

በዚህ በተናደድኩ ማግስት ነው የአንተ መልእክት የደረሰኝ። «እትዬ፣ መቀርቀሪያሽን አነሱልሽ አይደል? እንኳን ደስ አለሽ! ከእንግዲህ ማጎንበስ ቀረ» ይላል። አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ አልጋዬ ላይ ከሻንጣው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳቄ አመለጠኝ። ለካ እነሱ «መቀርቀሪያውን እናንሳው ወይ?» ሲሉህ አንተ ወደ ላይ ከፍ ሊያደርጉልኝ መስሎህ ነው! እነሱ ነቅለው ሊወስዱት፣ አንተ ለወገቤ አዝነህ። ምን ዓይነት ቃል ነው ይሄ ደግሞ? ፎቶ ይነሳል፣ ጠብ ይነሳል፣ ሬሳ ይነሳል፤ ባለቤቷ ሳትሰማ መቀርቀሪያም ይነሳል። ቲቸር ስትሰማ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሰዋስው አስተምራ እንዲህ ያለ ምሳሌ ባለማግኘቷ ተቆጨች።

ሳቄ ሲያበቃ ግን ንዴቴ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ክፉ አላሰብክም፤ ተቀብያለሁ። ነገር ግን ስለ እኔ በር ለምን አንተን ጠየቁ? አንተስ ለምን መለስክ? እኔ እዚሁ ነኝ። ጆሮዬ ይሰማል፣ አፌ ይናገራል፣ ጥርሴ ባይኖርም ይናገራል። ሰው ሲያረጅ ወሬው በጭንቅላቱ ላይ እያለፈ ነው የሚወራው፤ «ይበላሉ እንዴ? ይተኛሉ እንዴ?» እያሉ አጠገብህ የቆመውን ሰው ይጠይቁታል። ከዕድሜ ሕመም ሁሉ የከፋው እሱ ነው። «እሷን ጠይቋት» ብትል ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ናት።

ከኮሪደሩ ማዶ የሚኖር አንድ የአውቶቡስ ሹፌር የነበረ ሰው አለ። ወደ የት እንደሚታጠፍ በእጁ ሳያሳይ ኮሪደር ስለማይሄድ «ፍሬቻ» ነው ስሙ። ወሬውን ሲሰማ «ታዲያ እኛም ለደህንነቷ እንጨነቅላታ!» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባን በማግስቱ ነው። ሳያንኳኳ የሽውታን ቢሮ ከፍቶ ገባ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ምን እንደፈለገ ስትጠይቀው «ምንም። ደህና መሆንሽን ላይ ነው ልጄ» አላት። እሱ ሲወጣ ሌላው ገባ። አንዱ መሳቢያዋን ከፍቶ «መድኃኒትሽን ወስደሻል?» ይላል፤ አንዷ የምሳ ዕቃዋን ከፍታ «ጨው በዝቶበታል፣ ለግፊት አይሆንሽም» ትላለች። ቲቸር በተሽከርካሪ ወንበሯ በሩን በእግር መርገጫው ገፍታ ገብታ ጥፍሯን መረመረችላት። አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ሳቅ ብትሰማ! በእርጅና ልጅ መሆን እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር።

የእኔ ተራ ደረሰ። የምናገረውን አዘጋጅቼ፣ ጥርሴን አጥብቄ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሽውታ ወለሉ ላይ ናት። በጀርባዋ ተንጋላ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሮቿን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ ዓይኗን ጨፍና ወገቧን ይዛ ታቃስታለች። ስታየኝ ቀሚሷን ወደ ታች እየጎተተች ለመነሳት ተፍገመገመች፤ አልሆነላትም። ፊቷ ቀላ። ያን ፊት አወቅሁት፤ ፎጣ ደረቴ ላይ የለጠፍኩ ቀን የእኔ ፊት ነበር። ወደ ኋላዬ ወጣሁና በሩን መልሼ ዘጋሁት። ደጅ ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ።

ቆየች። ጉልበቴ ቢያመኝም ጠበቅሁ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ ከውስጥ «ደጆች» አለ። ራሷ መጥታ እስክትከፍት ድረስ አልገባሁም።

ስትከፍት ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ወገቧን የተቀጨችው ያን ቀን የቲቸርን በር በትከሻዋ ስትገፋ መሆኑን ነገረችኝ። ቲቸር ከውስጥ «እባካችሁ» እያለች ድምፅዋ እየደከመ ሲሄድ እሷ ነበረች ከውጭ የምትሰማው። ከዚያ ወዲህ የተዘጋ በር ባየች ቁጥር ያ ድምፅ እንደሚሰማት ነገረችኝ። አዘንኩላት፤ ለምን እዋሻለሁ? ግን ንዴቴን አልሸጥኩትም። «ልጄ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ የፍርሃትሽን መድኃኒት ግን እኔ እንድውጠው አታድርጊ» አልኳት። ደግሞ የኔን ጉዳይ መጠየቅ ስትፈልግ ባሕር ማዶ ከመደወል ይልቅ ደረጃውን ወጥታ እኔን እንድትጠይቀኝ ነገርኳት። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ «ቤቶች» አለች፤ እኔ ደግሞ ክብሬን ላጣጥም ብዬ ትንሽ ቆይቼ መለስኩላት።

አሁን በየበራችን አዲስ መቀርቀሪያ ገብቷል፤ ለፈለገ ሰው፣ እየተጠየቀ። ከውስጥ ይቀረቀራል፤ ችግር ሲመጣ ደግሞ ነርሷ አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ቁልፍ ከውጭ ይከፈታል። ተጠርተን ካልመለስን እንጂ እንዲሁ አትከፍትም። ቲቸር አስገብታለች፤ ወለሏ ላይም የማያንሸራትት ምንጣፍ ተነጥፎላታል። ፍሬቻ አልፈለገም፤ ማንኮራፋቱ እስከ ደጅ ስለሚሰማ በሕይወት መኖሩን ማንም አይጠራጠርም ብሎ። እንግዳ ሲመጣ የሚጎበኘው አዳራሹንና ልብስ ማጠቢያውን ነው። ሁሉም ተስተካከለ አልልህም። ነርሷ አሁንም ገብታ ከጨረሰች በኋላ ነው «ቤቶች» የምትለው፤ መልሼ አስወጥቼ እንደገና አስገባታለሁ። የእኔ መቀርቀሪያ ደረቴ ትክክል ነው። አየህ፣ በመጨረሻ አንተ እንዳልከው ተነሳ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ከዚህ ተደውሎ ስለ መድኃኒቴ፣ ስለ ምግቤ፣ ስለ ክፍሌ፣ ስለ መቃብሬም ቢሆን ብትጠየቅ መልስህ «እሷን ጠይቋት» ትሁን። ይዤብህ የነበረውን ንዴት እዚህ ወረቀት ላይ ጥዬዋለሁ፤ አንተ አንስተው። በየትኛው ትርጉም እንደሆነ አንተው ምረጥ።

ባለቤትህን በሁለት ጉንጮቿ ሳምልኝ፤ ይህን ስታነብላት በእኔ በኩል እንደምትቆም አውቃለሁ። ትልቋን ልጅህን ስለ ጥናቷ እንደምኮራባት ንገርልኝ። ያን ቀበጥ ትንሹን ጆሮውን ቆንጥጠህ አክስትህ ናት በለው። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችሁን፣ ያን ሁልጊዜ ስለ እኔ የሚጠይቅህን ፀጉር አስተካካይም፣ ሰላም በልልኝ። ቲቸርና ፍሬቻ ሳያውቁህ ሰላም ብለውሃል፤ «አንሱት» ነው ስምህ እዚህ።

ለአማትህ የተለየ ሰላምታ አለኝ። እናንተ ቤት የመጨረሻዋ ክፍል የእሳቸው መሆኗን ነግረኸኛል። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ስትጨርስ ሂድና በራቸው ላይ ቁም። «ቤቶች» በል። ጆሯቸው ከብዷል፤ ይዘገያሉ። እሳቸው «ደጆች» እስኪሉ ድረስ ግን አትክፈት። ከዚያ ሰላምታዬን ስጣቸው።

ታላቅ እህትህ

ከክፍሌ፣ በሬን ከውስጥ ቀርቅሬ፤
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት ፱ ቀን